ከጣርማ በር ቁልቁል፣ ከነዱላችን

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2011 ዓ.ም.። ከላምበረት መናኸሪያ የወጣነው ሊነጋ ሲል ነው። እስከ ሸዋ ሮቢት ለሰው 110 ብር ከፈልን፤ ረዳቱ ለሻንጣው 20 ብር ጨመረበት። አብሮኝ ያለው የእህቴ ልጅ ቨርጂንያ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ገናን አያቱ ዘንድ ሊውል ሲመጣ ከልብሱ ሁሉ በላይ አድርጎ የያዘው የቤዝቦል ጓንቱን ነበር። 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘን ደብረ ብርሃን ስንደርስ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሣም፤ ጾም ስለሆነ ሽሮ በልተን፣ ሻይ ደግመን፣ እጃችንን በብርጭቆው አሙቀን ቀጠልን።

ጣርማ በርን ጉም ውጦታል። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ ስድስት መቶ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ውስጡ ጨለማና ጠብታ ነው፣ ወዲያ ማዶ ሲወጣ ግን ጉሙ የለም፣ ከመንገዱ ጠርዝ በታች መሬትም ያለ አይመስልም። ጭላዳዎች መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ፣ ልጆች የበግ ፀጉር ኮፍያ በመስኮት ያቀርባሉ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛን። ከዚያ ወዲያ ያለው ቁልቁለት ልብስ የማውለቅ ጉዞ ነው፤ አርማንያ ላይ ጃኬት፣ ሜዳው ሲጀምር ሹራብ። ልጁ ይህን ሁሉ መንገድ ቤዝቦልን ሲያስረዳኝ ነበር። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ይመታል፣ ሦስት ጊዜ ከሳተ ይወጣል፣ ሦስት ሰው ከወጣ ተራው ይዞራል፣ ይህ ዘጠኝ ጊዜ ይደጋገማል። የቀረውን ከቆሎው ጋር ዋጥኩት።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 28። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በታኅሣሥም ቀኑ ያልባል። የማሽላው አገዳ በየማሳው ተከምሯል፣ ገበያው ውስጥ ማሾ በጆንያ፣ ሽንኩርት በክምር፣ ግመል የሚስቡ አፋሮች፣ በመሀል የባጃጅ ጥሩምባ። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ወጣቶች ለነገው የገና ጨዋታ ጫፋቸው የቆለመመ ዱላ ሲልጡ፣ ጎረቤት ያሉ ጡረተኛ መምህር ጓንቱን አዩና ልጁን ጠሩት።

«ይሄ ለምን ይሆናል?»

«ኳስ ለመያዝ ነው፣ ጋሼ።»

«ሁሉም ያደርጋሉ?»

«ሁሉም።»

መምህሩ ሳቁ። ደብረ ብርሃን ተማሪ ሳሉ አንድ ህንዳዊ የሒሳብ መምህር ክሪኬት አስተምረዋቸው ኖሯል፤ በክሪኬት ኳስ ለመያዝ ጓንት የሚያደርገው ከመቺው ጀርባ የሚቆመው አንዱ ብቻ ነው፣ መስክ ላይ ያሉት ሌሎቹ ያንን ከቤዝቦሉ ትንሽ የሚከብድ ኳስ በባዶ እጅ ይቀልቡታል። ከተላጡት እንጨቶች ሦስቱን ወስደው መሬት ላይ ተከሉ፣ 20 ሜትር ያህል ተራምደው ሌላ ሦስት ተከሉ። ዊኬት የሚባለው ይኸው ነው። ወርዋሪው ክንዱን ሳያጥፍ ይወረውራል፣ ኳሱም አብዛኛውን ጊዜ መሬት ነክቶ ነጥሮ ይመጣል፤ መቺው ሥራው በመጀመሪያ ሦስቱን እንጨቶች መጠበቅ ነው።

«ስንት ጊዜ መሳት ይችላል?» አለ ልጁ።

«የፈለገውን ያህል። እንጨቱን ካልነካ ምን ቸገረው?»

«ሲመታስ ካልሮጠ?»

«ካላዋጣው አይሮጥም። ቆሞ ቀጣዩን ይጠብቃል።»

ልጁ ይህን ሲሰማ እንደ መከፋት አለ። በቤዝቦል መቺው ኳሷን በሁለት መስመሮች መሀል ወደ ፊት ካልላካት ዋጋ የላትም፤ እዚህ ግን ወደ ኋላም ወደ ጎንም ቢልካት የተፈቀደ ነው። መቺዎቹ ሁለት ናቸው፣ በሁለቱ ጫፍ ይቆማሉ፣ ቦታ በተቀያየሩ ቁጥር አንድ ነጥብ ያገኛሉ። ኳሷ መሬት ለመሬት ሄዳ የሜዳውን ዳር ካለፈች አራት፣ በአየር ካለፈች ስድስት ነጥብ ትሰጣለች። ስድስት ኳስ ከተወረወረ በኋላ ሌላ ወርዋሪ ከተቃራኒው ጫፍ ይጀምራል። ቡድኑ 11 ሰው ነው፣ አሥሩ ሲወጡ ተራው ያልቃል፣ ረጅሙ ዓይነት ጨዋታ ደግሞ በምሳና በሻይ እረፍት እየተቆራረጠ አምስት ቀን ይሄዳል፣ በአምስተኛውም ቀን አሸናፊ ላይኖረው ይችላል።

«አምስት ቀን ተጫውቶ ያለ አሸናፊ?»

«ፍርድ ቤት ሄደህ አታውቅም?» አሉት መምህሩ።

የክሪኬቱ ጣዕም የገባኝ ከዚህ በኋላ በተነሣው ወሬ ነው። ልጁ በቤዝቦል ከአሥር ጊዜ ሦስቱን በደንብ የመታ ሰው ታላቅ ይባላል አለ፤ ቢወጣም ከጥቂት ቆይታ በኋላ ተራው ይመለሳል፣ ነገም ሌላ ጨዋታ አለ። በክሪኬት የወጣ ግን ወጣ፤ ጧት በመጀመሪያዋ ኳስ ቢወጣ ቀኑን ሙሉ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ጓደኞቹን ሲያይ ይውላል። መምህሩ የአውስትራሊያውን መቺ ዶናልድ ብራድማንን አነሡ። እ.ኤ.አ. በ1948 የመጨረሻ የአገርና የአገር ግጥሚያው ላይ አራት ነጥብ ብቻ ቢያገኝ በእነዚህ ግጥሚያዎች የዕድሜ ልክ አማካዩ መቶ ሊሞላ ነበር፤ ምንም ሳያስመዘግብ በሁለተኛው ኳስ ወጣና 99.94 ላይ ቀረ። ልጁ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደገማቸው። መቺው ያን ያህል የሚጠነቀቀው፣ ተመልካቹም ያን ያህል የሚታገሠው ለዚህ ነው መሰለኝ። ኋላ እንዳነበብኩት ደግሞ የመጀመሪያው የአገርና የአገር የክሪኬት ግጥሚያ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1844 ኒውዮርክ ውስጥ፣ በአሜሪካና በካናዳ መካከል ነው። ለልጁ ስነግረው አላመነኝም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 29። ጾሙ ተፈታ። ዶሮ ወጡ ላይ ትንሽ በዛንና ወደ ሜዳው የሄድነው ሆዳችንን ይዘን ነው። ሜዳው ማሽላው የታጨደበት ማሳ ነው፤ መስመር የለውም፣ በአንድ ጫፍ ግራር፣ በሌላው የድንጋይ ካብ። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየሰፈሩ ተቀላቅሎ፤ ተጫዋቾቹን ልቆጥር ሞከርኩ፣ የመጣ ሁሉ ስለሚገባ ተውኩት። ኳሷ ሩር ትባላለች፤ ከእንጨት የተጠረበች ድቡልቡል ናት፣ ከመሀል ትነሣለች፣ እየለጉ ወደ ተቃራኒው ዳር ማሻገር ነው። የክርስቶስ ልደት ሲበሠር እረኞች ከደስታቸው ብዛት በዱላቸው የተጫወቱት ነው ይባላል። አቧራው መሀል ዱላ ከዱላ ሲጋጭ ይሰማል፣ አንዳንዴም ዱላ ከቅልጥም። አንዱ ከነደሙ እያነከሰ ወጣ፣ ውኃ አፍስሶበት ተመለሰ፣ ማን መታኝ ብሎ የጠየቀ የለም። በገና ጌታና ሎሌ እኩል ዱላ ያነሣሉ፣ ቂም አይያዝም።

«አሁን የማን ተራ ነው?» አለ የእህቴ ልጅ።

«ተራ የለም» አሉት መምህሩ።

በቤዝቦልም በክሪኬትም ሰው ተራውን ጠብቆ ብቻውን ይቆማል፣ ቢስት የሳተው እሱ መሆኑን ሁሉም ያያል። እዚህ የሳተው ማን እንደሆነ አቧራው ይሸፍነዋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የላይ ሰፈሮች አሸነፍን ብለው የታች ሰፈሮችን በዘፈን መስደብ ጀመሩ፤ ስንት ለስንት እንደሆነ ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስት መልስ አገኘሁ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 30። የመልሱ አውቶቡስ እስኪሞላ ጊዜ ነበረን። ልጁ ከሰፈር ሕፃናት ጋር ከትናንት ወዲያ የተተከሉት እንጨቶች ዘንድ ሄዶ በቴኒስ ኳስ ክሪኬት ጀመረ፣ ጓንቱን ከእንጨቶቹ ጀርባ ለቆመው ሕፃን ሰጠው። መቺው የስምንት ዓመት ያህል ልጅ ነው። ኳሷ መጥታ ባቱን መታችው፣ ባቱ ባይከለክላት ኖሮ መሀለኛውን እንጨት ትነቅለው ነበር። መምህሩ እንዲህ ሲሆን መቺው ይወጣል አሉ፤ ግን ኳሷ የት እንደነጠረች፣ እግሩ የት እንደነበረ የሚታይ ብዙ ነገር አለ፣ ሁለት ጊዜ አስረድተውኝም አልገባኝም። የገባኝ አንዱ ነው፤ ወርዋሪዎቹ ጮኸው ካልጠየቁ ዳኛው አይፈርድም። ከሳሽ ከሌለ ክስ የለም። ሕፃናቱ በላ ልበልሃ ዓይነት ሙግት ገጠሙ፣ ግን እርስ በርሳቸው ሲከራከሩ ዳኛውን የጠየቀ ሳይኖር ቀረ፣ መምህሩም ዝም አሉ። መቺውም ዱላውን አልለቅም አለ። በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ስንሄድ ገና እየመታ ነበር፤ ባጃጁ ለሁለታችን 10 ብር ተቀበለን።