መኪናዋ ምን በደለች?

እናንተ የዘንድሮ ልጆች ቪትዛችሁ ላይ ሰማያዊ መብራት ስትደረድሩ፣ መስታወቱን በጥቁር ላስቲክ ስትሸፍኑ ባየሁ ቁጥር ሳቄ ይመጣል። አትቆጡኝ! የሚያስቀኝ የእናንተ አይደለም፣ የእኛ ነው። በ1980ዎቹ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ይታይ የነበረውን ጉድ ብታዩ የእናንተዋ ቪትዝ እንደ መነኩሴ ጨዋ ናት።

እስቲ ከውስጥ እንጀምር። ክሩስኮቶው ላይ ፀጉራም ምንጣፍ ይነጠፋል። ቀይ ከሆነማ ባለመኪናው የለየለት አራዳ ነው! ምንጣፉ አቧራውን ጠጥቶ ጠጥቶ በሁለተኛው ዓመት ያረጀ አጎዛ ይመስላል፣ ግን ማን ያነሣዋል? ከኋላ መስታወት ሥር አንገቱን የሚነቀንቅ የፕላስቲክ ውሻ፣ ከውሻው ጎን የፕላስቲክ አበባ። ወደ በኋላ ላይ ደግሞ ስፖኪዮው ላይ የተበላሸ ሲዲ በክር ማንጠልጠል መጣ፣ ፀሐይ ባረፈበት ቁጥር የተሳፋሪ ዓይን የሚያጠፋ። ከውጪማ አይወራ። የመርሴዲስ ኮከብ በማጣበቂያ የተለጠፈባት ቮልስ በዓይኔ አይቻለሁ። ማን እንዲታለል እንደታሰበ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የጎረቤታችን ሰውዬ ደግሞ ሬትሮማርሽ ሲያስገባ ሙዚቃ የምትጫወት ትንሽ ዕቃ አስገጥመው ነበር። ሙዚቃዋ የልደት ዘፈን ናት። ሠፈር ውስጥ ልጆች "ሻማው የት አለ?" እያሉ ይከተሏቸዋል። ሰውዬው ግን ደግ ናቸው፣ ለቅሶ ሲኖር መኪናቸውን አይነፍጉም። እናላችሁ አንድ ቀን አልቃሽ ጭነው ቤተ ክርስቲያን በር ደረሱ። ቦታ ጠበበና ወደ ኋላ መመለስ ግድ ሆነ… የቀረውን እናንተ ጨርሱት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ የሚንቀጠቀጠው ሴት ሁሉ እያለቀሰች ነበር ብላችሁ እንዳታስቡ።

ለእኔ ግን የሁሉም ቁንጮ ይፈልገኝ የነበረው ልጅ ነው። ኮሮላ ዲኤክስ ነበረችው። መሬት እንድትልስለት ብሎ ሞላውን አስቆርጦ አስወርዷታል፣ ስለዚህ ጉብታ ባየ ቁጥር ይቆማል፣ ያስባል፣ ከዚያ በሰያፍ ይወጣዋል። ሞባይል አገራችን በገባ ማግሥት፣ በ1992 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ የኋላ መስታወቱ ላይ የመኪና ስልክ አንቴና ብቅ አለ። አንድ ምሽት ቦሌ መንገድ ላይ መሸብኝና "እባክህ ለእማዬ ልደውልላት" አልኩት። "ባትሪው አልቋል" አለኝ። ደኅና። በሳምንቱም አልቋል። በወሩም አልቋል። ዓመት ሙሉ ባትሪው እንዳለቀ ነው! ስልክ የለኝም ቢለኝ ምን ነበረበት? ያን ጊዜ ስልክ የነበረው ሰው እኮ በጣት የሚቆጠር ነው።

ግን ሰዉ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሞኝ ስለሆነ አይመስለኝም። እኛ ዘንድ መኪና እንደ ሸሚዝ አይቀየርም፣ ከአባት ለልጅ ይወረሳል። ዛሬም ያው ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከ7 ዓመት በላይ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ቀረጥ ጫነ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ እጅህ ላይ ያለችው አሮጊት ናት፣ ከእሷ ጋር ነው የምትኖረው። አዲስ መግዛት ያልቻለ ወጣት ያለችውን አዲስ ለማስመሰል ቢታገል አልፈርድበትም።

የምፈርደው ቀይ ምንጣፉ ላይ ሳይሆን ሌላው ላይ ነው። ወደ ወንድሜ ልምጣ።

አባታችን አስተማሪ ነበሩ። ሴይቼንቶ የምንላት አንዲት ነጭ ፊያት 600 ነበረቻቸው። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ 767 ሲሲ፣ ጉልበቷ ከ30 ፈረስ ገደማ አይዘልም። ያውም ዝቅ ባለ አገር! አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ እንዲህ ዓይነቱ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። እንጦጦን ስትወጣ እኛ ልጆቹ ወርደን በእግራችን እንቀድማት ነበር።

በ1986 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሜ መንጃ ፈቃድ አወጣ። አባቴ በዚያን ሰሞን ለሥራ ጅማ ናቸው። አንድ ጋራዥ ግድግዳ ላይ የእሽቅድምድም ፊያት ፎቶ አየና ልቡ ሸፈተ። አባርት የሚባለው የጣሊያን ኩባንያ እነዚህን ትንንሽ ፊያቶች ለውድድር ሲያዘጋጃቸው የሞተራቸውን ክዳን ከፍቶ ይተወው ነበር፣ ሞተሩ እንዲቀዘቅዝ። ወንድሜ ለምን ብሎ አልጠየቀም፣ የኛዋን ክዳን በእንጨት ደግፎ ከፈታት። በጎኗ ሁለት ቀይ መስመር በቡሩሽ አሰመረ፣ አንዱ ቀጥ ያለ፣ ሌላው እንደ አዋሽ ወንዝ የተጠማዘዘ። በመጨረሻ ማርሚታውን አስነቀለና በምትኩ አጭር ቱቦ አስበየደ። ጠዋት ሲያስነሣት የሠፈሩ ውሻ በሙሉ ይነሣል። እሱ "ድምፁ ስፖርት ነው!" ይላል።

ሐምሌ ላይ አክስታችንን ልንጠይቅ ወደ ደብረ ዘይት፣ ወደ አሁኗ ቢሾፍቱ ተጓዝን። እማዬ ከፊት፣ እኔና የ9 ዓመቷ ታናሽ እህቴ ከኋላ። ዝናቡ ይወርዳል፣ መስኮቱ ተዘግቷል። እማዬ በረዳትና ማሞቂያው ተከፈተ። በዚህች መኪና ሙቀቱ የሚመጣው ከኋላ ከራዲያተሩ ነው፣ በወለሉ መሐል በተዘረጋ መተላለፊያ ወደ ፊት ይነዳል። በደንብ ያልተበየደው ቱቦ ደግሞ ጭሱን የሚተፋው እዚያው ሞተሩ ጋ ነው። ገባችሁ?

አቃቂን እንዳለፍን እህቴ "ራሴን" አለች። እኔንም ይፈልጠኝ ነበር፣ ግን በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ማን ራሱን አያመውም? ዱከም ጋ አስመለሳት። እማዬ "መኪና አዙሯት ነው" አለች። ወንድሜ ሲያቆም እህቴ ትከሻዬ ላይ ዘንበል ብላለች፣ ብጠራት አትመልስም። ተሸክመናት ወረድን። መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብስ ሴትዮ "ምች ነው፣ ዳማከሴ ጨምቁላት!" እያለች ሮጠች። ነፋሱ ሲነካት ዓይኗን ገለጠች። ደብረ ዘይት አንድ ክሊኒክ አስገባናት። ነርሷ አየቻትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፣ "ከሰል የተያያዘበት ቤት ነው ያደረችው?"

እማዬ "ኧረ የለም፣ በመኪና ነው የመጣነው" አለች። ነርሷ በመስኮት ወደ ውጪ አየች። ፊያቷ ክዳኗን ከፍታ ቆማለች።

ከሰል ሰው የሚገድልበትና መኪና የሚተፋው መርዝ አንድ ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ያሳምማል፣ ያስመልሳል፣ ጉልበት ይነሣል፣ ከዚያ ያስተኛል። በኦክስጅን ተረዳችና አመሻሹ ላይ ብስኩት ጠየቀች። ወንድሜ ዝናብ ላይ ቆሞ እንጨቱን ነቅሎ ሲሰብረው አይቼዋለሁ።

አባቴ ከጅማ ሲመለሱ ሁሉም ተነገራቸው። ይጮኻሉ ብለን ስንጠብቅ "ድምፅ ከፈለግህ ዝፈን" ብቻ አሉት። በማግሥቱ ሶማሌ ተራ ሄደው ያገለገለ ማርሚታ ገዙ፣ እሱን ቁጭ ብሎ እያየ አስገጠሙ። ቀዩ መስመር ግን ለቀለም ገንዘብ ስላልነበረ መኪናዋ እስክትሸጥ አብሮን ኖረ፣ አዋሽ ወንዝ ጭምር። እህቴ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት። ልጆቿን ይዛ ታክሲ ስትገባ ከመቀመጧ በፊት መስኮት ትከፍታለች፣ ሰው ቢቆጣም።

እና አሮጌ መኪና ለመግዛት የምታስቡ ልጆች፣ ወይም ባለ አሮጌ መኪና የወደደሽ እህቴ፣ ምንጣፉንና ውሻውን ለቀቅ አድርጉት። ጎንበስ በሉና ከሥር እዩ። ሞላው ተቆርጦ ከሆነ ጎማው ፓራፋንጎውን እየፋቀ እንደሆን ዳስሱ። ለቴፕ፣ ለመብራት ተብሎ የተቀጣጠለ ሽቦ ካለ ፊውዝ እንዳለው አስፈትሹ፣ እሳት የሚነሣው ከዚያ ነው። ወለሉ ተበስቶ እንደሆነ ምንጣፉን ገልጣችሁ ተመልከቱ። ሻጩ ሞተሩን አስነሥቶ "ድምፁ ስፖርት ነው" ካላችሁም ማርሚታው የት እንደሄደ ጠይቁት።