በየዓመቱ የሚለሰን ግድግዳ



በዳማምና በኮባር የምንኖር ኢትዮጵያውያን፣ ሙያችን ምንም ቢለያይ፣ አንድ የጋራ ሥራ አለን፤ ሁላችንም ቤት እንሠራለን። ሾፌሩም፣ ነርሷም፣ የቤት ሠራተኛዋም፣ የጥበቃ ሠራተኛውም በወሩ መጨረሻ የሚልኩት ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ደርሶ የሚያርፈው አገር ቤት በሚቆም ግድግዳ ላይ ነው። የስደታችሁ ፍሬ ምንድን ነው ተብለን ብንጠየቅ ከስልካችን አውጥተን የምናሳየው ቆርቆሮው ገና የሚያብረቀርቅ ቤት ነው። ይህ የሚያስመሰግን ነገር ነው። ዳሩ ግን አዲሱ ቤት የሚቆምበት ቦታ ሁልጊዜ ባዶ መሬት አይደለም። ብዙ ጊዜ ከዚያ ቀድሞ አሮጌ ቤት ነበረ። ዛሬ ልጽፍላችሁ የወደድሁት ስለዚያ አሮጌ ቤት፣ እርሱን ለማቆየት ስለሚደክሙ ሰዎችና ስለ እኛ ድርሻ ነው።

እኔ የተወለድሁት ሐረር፣ ከጁገል ግንብ ውስጥ ነው። ግንቡን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። አምስቱን ጥንታውያን በሮች፣ ማለትም ሸዋ በርን፣ ቡዳ በርን፣ ሰንጋ በርን፣ ኤረር በርንና ፈላና በርን፣ የሐረር ልጅ ሁሉ ከፊደል ጋር አብሮ ይማራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ዩኔስኮ ጁገልን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ቤታችን አያቴ ከአንድ የሐረሪ ቤተሰብ የገዙት የጥንት ቤት ነው። ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ወፍራም ግድግዳ ነው። ከፍና ዝቅ ብለው የተደረደሩ አምስት መደቦች አሉት፤ ሐረሪዎች ነደባ ይሏቸዋል። ለእንግዳ፣ ለአባወራ፣ ለታናናሾች የተመደበ ቦታ ስላለ፣ ሰው ገብቶ የተቀመጠበትን አይቶ ማንነቱን ማወቅ ይቻላል። ወለሉና መደቡ በቀይ አፈር ይቀባል፤ ቅላቱ በ1887 በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ሲሉ ሽማግሌዎች ይናገራሉ። ካቶሊካውያን ብንሆንም የኖርነው በመስጊዶች መካከል፣ በሙስሊም ጎረቤቶች እቅፍ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ታናሽ ወንድሜ ደወለ። ከእናታችን ጋር በዚያ ቤት የሚኖረው፣ ልጆቹንም እዚያ የሚያሳድገው እርሱ ነው። ጣሪያውን የተሸከሙት ሁለት አግዳሚ እንጨቶች በስብሰዋል፤ እናታችንም ጉልበቷ ደክሞ መደቡን መውጣት፣ ሌሊት ደግሞ ግቢውን አቋርጦ መጸዳጃ ቤት መሄድ ከብዷታል። የእርሱ ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ የውስጡን አፍርሶ በብሎኬትና በኮንክሪት መሥራት፣ በላዩም ሁለት የሚከራዩ ክፍሎች መጨመር። ገንዘቡን የምልከው እኔ ነኝና የእኔን ቃል ጠበቀ። እኔም ቤቱ እንዳይነካ ፈለግሁ። እርሱ ግን በትሕትና፣ ነገር ግን ልብ በሚነካ ቃል እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ አንተ ቤቱን የምትወደው ዝናብ በሌለበት አገር ተቀምጠህ ነው። እዚህ ክረምት አለ።»

ይህን ቃል ብዙ ቀን ተሸክሜው ዞርሁ። የምሠራው በሕንጻ ጥገና ነውና በሥራዬ ላይ ሳለሁም አልተለየኝም። ከኮባር ባሕር ዳር የሚነሣው እርጥበት ጨው ያዘለ ነው፤ ጨው ደግሞ ቀስ በቀስ ኮንክሪቱን ሰርጎ ይገባና ውስጥ ያለውን ፌሮ ያዝገዋል። የዛገ ፌሮ ያብጣል፤ ሲያብጥም የተሸከመውን ኮንክሪት ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። እድሜያቸው ሠላሳ ዓመት እንኳ ያልሞላ በረንዳዎችን በመዶሻ እያንኳኳሁ፣ የላላውን እያረገፍሁ፣ ዝገቱን እየጠረግሁ ስንት ቀን ውዬአለሁ። ሐረር ከባሕር የራቀች ደጋማ ከተማ ናትና ይህ የጨው ነገር አያሰጋትም። ነገር ግን አንድ ነገር ተረድቻለሁ፤ ተሠርቶ የሚረሳ ቤት በዓለም ላይ የለም። ጭቃውም ኮንክሪቱም ጠባቂ ይሻሉ። በድንጋይና በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ሲለሰን ደግሞ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ በውስጥ ይታመቃል፤ ላዩ ጠንክሮ ሳለ ጭቃው ከሥሩ ይፈርሳል። በጁገል ብዙ ግድግዳ የሚጎዳው በዚህ፣ ለበጎ በታሰበ እድሳት ነው።

የምንኖርበት ምሥራቃዊ ክፍለ አገርም ስለዚህ ጉዳይ የሚያስተምረው አለው። ዳማምና ኮባር እ.ኤ.አ. በ1938 ሰባተኛው የዳማም ጉድጓድ ነዳጅ በብዛት እስኪያፈልቅ ድረስ አነስተኛ የባሕር ዳር መንደሮች ነበሩ። ዛሬ በጎዳናዎቻቸው የምናየው ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። ወደ ደቡብ ወደ ሁፉፍ የሄደ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። የቀይሰሪያ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2001 በእሳት ተቃጥሎ ነበር፤ ቦታው ላይ ዘመናዊ የገበያ አዳራሽ ማቆም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን በቀድሞው መልኩ ታንጾ ዛሬ ሰው ይገበያይበታል። በዚያው ከተማ፣ ንጉሥ አብዱልአዚዝ በ1913 የሕዝቡን ቃል ኪዳን የተቀበሉበት የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ታድሶ ለጎብኚ ክፍት ሆኗል። የአል አሕሳ ምድር በሙሉ፣ ከተምሩ ገነትና ከጥንት ሕንጻዎቹ ጋር፣ በ2018 የዓለም ቅርስ ተብሏል።

ከዚህም የሚቀርበን አለ። ከዳማም በስተሰሜን፣ ከቀቲፍ አጠገብ ባለችው በታሩት ደሴት፣ ዳሪን የምትባል መንደር አለች። እ.ኤ.አ. በ676 የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ቀዳማዊ ጊዮርጊስ የዚህን የባሕር ዳርቻ ጳጳሳት ሰብስበው ሲኖዶስ ያደረጉት በዚያ ነበር። ከዚያም ወደ ሰሜን ሲዘልቁ፣ በጁባይል አቅራቢያ፣ በ1980ዎቹ አንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ከአሸዋ ሥር ተገኝቷል። ስለዚያ ሕንጻ ባሰብሁ ቁጥር ወደ ልቤ የሚመጣው ግድግዳውን በየዓመቱ ይለስን የነበረው ሰው ነው። እርሱ ሄደ፤ የሚተካውም አልመጣም፤ አሸዋውም ቤቱን ከደነው። ሕንጻ ሰው ሲያጣ እንዲህ ነው።

አዲስ አበባን የምታውቁም ይህን በሌላ መልክ አይታችሁታል። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው አዋጅ ትርፍ ቤቶችን ለመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ በፒያሳና በአካባቢው የነበሩ ያማሩ የእንጨት በረንዳ ያላቸው ቤቶች ወደ ቀበሌ ተዛወሩ። ኪራዩ እጅግ ዝቅተኛ ስለነበረ ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረም፤ ተከራዩም የራሱ ያልሆነውን ቤት በራሱ ወጪ ለማደስ አልደፈረም። ስለ እነዚያ ቤቶች የተሟገቱ ሰዎች አልጠፉም፤ አዲስ ውበት የተባለው ማኅበር ነበረ፤ የሥነ ሕንጻ ባለሙያው ፋሲል ጊዮርጊስም ከዴኒ ዤራር ጋር የከተማዋን የሥነ ሕንጻ ቅርስ በ2007 በመጽሐፍ መዝግበው አኑረዋል። ሆኖም በ2024 የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ከዚህ ሆነን በስልካችን ስንመለከት፣ ብዙዎቹ ቤቶች ከመፍረሳቸው አስቀድሞ ለሃምሳ ዓመታት ያህል ያለ ባለቤት ሲያረጁ እንደነበር ማስታወስ ይገባናል።

ታዲያ ጁገልን እስከ ዛሬ ያቆየው ማነው? የመንግሥት ቢሮዎችና የውጭ ድርጅቶች ድርሻ አላቸው። ከሁሉ በፊት ግን ሴቶቹ ናቸው። ረመዳን ሲቃረብ የሐረር ሴቶች ግድግዳቸውን ኖራ ይቀባሉ፣ ወለላቸውን በቀይ አፈር ያድሳሉ። እናቴም ለፋሲካ እንዲሁ ታደርጋለች፤ እጅ ሲያንሳት ጎረቤቶቿ ይመጣሉ፣ በእነርሱም ተራ እርሷ ትሄዳለች። ሐረሪዎች አፎቻ የሚሉት የመረዳጃ ማኅበር አላቸው፤ ለሰርግና ለሐዘን የቆመ፣ ከእኛ እድር ጋር የሚመሳሰል ነው። አፎቻ የቅርስ ማኅበር ተብሎ አልተቋቋመም። ነገር ግን ለቀስተኛውና ሰርገኛው የሚሰበሰቡት በነደባው ላይ ስለሆነ፣ መደቡ ሥራ አልፈታም፤ ሥራ ያልፈታ መደብ ደግሞ አይፈርስም። ደግሞም አብዱላሂ ሸሪፍን የመሰለ ሰው ተነሥቷል። እርሳቸው የድሮ ጽሑፎችን፣ ሳንቲሞችን፣ ስፌቶችን፣ የዘፈን ቅጂዎችን በገዛ ገንዘባቸው ሰብስበው በመጀመሪያ በመኖሪያ ቤታቸው ሙዚየም ከፈቱ፤ በኋላም ስብስቡ ወደ ራስ ተፈሪ ቤት ተዛውሮ ያ አሮጌ ሕንጻ ራሱ በሥራ ላይ እንዲውል ምክንያት ሆነ። የተጎዱ መጻሕፍትን የመጠገንና የመደጎስ ጥበብንም ራሳቸው ተምረው አደሱ።

ይህን ሁሉ ሳወጣና ሳወርድ ወንድሜ የተናገረው ቃል እውነትነቱ እየጎላ መጣልኝ። እናቴ ለስልሳ ዓመታት ያህል ቤቱን ያቆየችው በጉልበቷ ነው፤ ጎረቤቶቿ በጊዜያቸው፤ አብዱላሂ ሸሪፍ በገንዘባቸው። አሮጌ ቤት እንዲቆይ የፈለገ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ከፍሏል። እኔ ቤቱ እንዳይነካ ብዬ ዋጋውን ለወንድሜ ብተውለት፣ የእኔን ናፍቆት በእርሱ ትከሻ ላይ ማኖሬ ነው። ፎቶግራፉ ለእኔ፣ የሚያፈሰው ጣሪያ ለእርሱ ይሆናል። ይህ ፍትሕ አይደለም።

ስለዚህ እኔ፣ እርሱና ድሬዳዋ ያለችው እህታችን በስልክ ተነጋገርን፤ አንድ ቀን አልበቃንም፤ የተቆራረጠ ንግግርም፣ ዝምታም ነበረበት። በመጨረሻ የተስማማነው ይህ ነው። የበሰበሱት ሁለት እንጨቶች በእንጨት ይተካሉ። ለእናታችን የሚሆን መታጠቢያና መጸዳጃ ያለው አንድ ትንሽ የብሎኬት ክፍል፣ ከቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች ፈቃድ ተገኝቶ፣ በግቢው ጥግ ይሠራል። አሮጌውን ግድግዳ ሲሚንቶ አይነካውም። ወንድሜ የሚከራዩትን ክፍሎች ሐሳብ ትቷል፤ እኔም ከዚያ ሊያገኝ ይችል በነበረው ገቢ ፈንታ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ወስጃለሁ። ከፋሲካ በፊት ደግሞ ለቀይ አፈሩ፣ ለኖራውና ለሚያግዙት ሴቶች ቡና የሚሆን ገንዘብ በየዓመቱ እልካለሁ። ይህም በኮባር ሁለት ዓመት ተጨማሪ መቆየት ማለት ሆኖብኛል። ወደ አገር የምገባበትን ቀን ከመናገር ተቆጥቤአለሁ።

ወንድሞችና እህቶች፤ እኛ በዚህ ምድር የራሳችን የምንለው ሕንጻ የለንም። ሐዋርያው ጴጥሮስ ምዕመናንን በሕያዋን ድንጋዮች መስሏቸዋልና፣ ያለ ግድግዳም ማኅበር መሆን እንደሚቻል ከማንም ይልቅ እኛ እናውቃለን። ይህን ስለምናውቅ ግን ግድግዳን አንንቅም። በልጅነቷ የተጠመቀችበትን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ የደወሉን ድምፅ፣ የወለሉን ቅዝቃዜ ሳይቀር በናፍቆት ስታወራ እንባዋ የሚቀድማት እህት በመካከላችን ስንት ናት! ሕንጻ የሌለው ሰው የሕንጻን ዋጋ ያውቃል። ሰው የሌለውን ሕንጻ እጣ ደግሞ በጁባይል አሸዋ ሥር አይተናል።

እንግዲህ ልመናዬ ቀላል ነው። ለቤት የሚሆን ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት፣ በቦታው ላይ ምን እንዳለ ጠይቁ። አሮጌው ቤት የሚጠገን እንደሆነ ከሚኖሩበት ሰዎች ጋር ተማከሩ፤ ክረምቱን የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና አስቀድማችሁ ስሟቸው። ይቆይ የምትሉ ከሆነ፣ የመቆየቱን ዋጋ ከፍላችሁ በሉት። የሰፈራችሁን ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት ወይም የእድር አዳራሽ ስለማደስ ሲነገር ደግሞ፣ አፍርሶ ከመሥራት በፊት የድሮውን ሥራ የሚያውቁ አናጺዎችና ለሳኞች መኖራቸውን አስጠይቁ።

ዘንድሮ ለፋሲካ እናቴ ከመደቡ ሥር ተቀምጣ አፈሩን እንዴት እንደሚቦካ ለወንድሜ ታላቅ ልጅ አሳየቻት። ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የመጀመሪያው ቅብ ቀጥኖ ስለነበረ ደግመው ቀቡት፤ ሁለተኛው ግን ያዘ።

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችን ጋር ይሁን።