«አልተገኘም» ያለኝን ሰርቨር ለምን እንዳመሰገንኩት

ባለፈው ወር አንዲት እናት ከደሴ ደወሉልኝ። ስማቸውን ሲነግሩኝ ወዲያው አስታወስኳቸው። በ2006 ዓ.ም ስለ ልጃቸው ጽፌ ነበር። የተጣለ ሬዲዮና ቴፕ እየፈታ ለሰፈሩ ሰው የድምፅ ማጉያ የሚሠራ ወጣት ነበር።

«ልጄ፣ እሱ እኮ አረፈ» አሉኝ። «ሦስት ዓመቱ። ቤት ያለው የመታወቂያው ፎቶ ብቻ ነው። ያኔ እናንተ ያነሳችሁት፣ ሽቦውን አንገቱ ላይ ጥሎ እየሳቀ... መጽሔቱን ደብቄው ነበር፣ ጣራው አፍስሶ አበላሸብኝ። አንተ ጋ አይጠፋም ብዬ ነው።»

«አይጠፋም እማማ» አልኳቸው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። መጽሔቱ ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል። ድረ ገጹም የሚከፍለው ሰው ሲያጣ ጠፍቷል።

ይህ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በ2013 ከነበሩ የድረ ገጽ ገጾች 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ አይገኙም። እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተው ኢንተርኔት አርካይቭ የቻለውን ያህል ይሰበስባል። ሄጄ አየሁ፤ የመጽሔታችንን የመግቢያ ገጽ ይዞታል፣ የልጁን ታሪክ ግን አልያዘም።

የቀረኝ ተስፋ አንድ ነበር። ቢሮው ሲዘጋ የኮምፒውተር ባለሙያችን የድረ ገጹን ሙሉ ቅጂ በአንድ ዚፕ ፋይል አድርጎ ሰጥቶኝ ነበር። ሃርድ ዲስኩ ከአልጋ ሥር ካርቶን ውስጥ ተገኘ። እኔ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው፤ ከሰርቨር ጋር ትውውቅ የለኝም። ቢሆንም ዛምፕ የሚባለውን ፕሮግራም ላፕቶፔ ላይ ጫንኩ። አፓቺ የተባለውን ሰርቨር ዊንዶውስ ላይ በቀላሉ የሚያስነሳ ነው። ዚፑን ፈትቼ ኤችቲዶክስ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ከተትኩት። ሲፈታ መሐል ላይ «በዚህ ስም ሌላ ፋይል አለ፣ ይተካ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሁሉንም ተካ» አልኩ። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

መጀመሪያ አፓቺ አልነሳ አለ። ችግሩ የበር ነበር። ድረ ገጽ በተለምዶ የሚስተናገደው በፖርት 80 ነው፤ እኔ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ የዊንዶውስ የራሱ ሰርቨር፣ አይአይኤስ፣ ቀድሞ ቦታውን ይዞ ነበር። በአንድ በር ሁለት ሰው አይቆምም። በአፓቺ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ 80 የሚለውን 8080 ብዬ ቀየርኩና ተነሳ። የድሮው መግቢያ ገጻችን ከነአርማው ብቅ ሲል፣ እውነቴን ነው፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ደስታዬ አንድ ክሊክ ብቻ ቆየ። የትኛውንም ጽሑፍ ስከፍት 404፣ አልተገኘም። የአፓቺን የጥያቄ መዝገብ ከፈትኩ፤ ማን ምን እንደጠየቀና ምን እንደተመለሰለት መስመር በመስመር ይጽፋል። ሰርቨሩ በጽሑፉ ርዕስ የተሰየመ ፋይል እየፈለገ ነው፤ እንዲህ ያለ ፋይል ደግሞ የለም። ጽሑፎቹ ያሉት ዳታቤዝ ውስጥ ነው፤ ርዕሱን ወደ ትክክለኛው ቦታ የሚመራው ዶት ኤችቲአክሰስ የሚባል ትንሽ የደንብ ፋይል ነበር። ስሙ በነጥብ ስለሚጀምር የድሮው ሊኑክስ ሰርቨር እንደ ስውር ፋይል ይቆጥረዋል፤ ቅጂው ሲዘጋጅ ተረስቶ ቀርቷል።

ባለሙያ ጓደኛዬ በስልክ እያስነበበኝ ደንቡን በኖትፓድ ጻፍኩት። አሁንም 404። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፊደል በፊደል አነጻጸርኩ። ለካ ዊንዶውስ የፋይል ስም ቅጥያን ይደብቃል። ኖትፓድ ከስሙ መጨረሻ «ዶት ቲኤክስቲ» ጨምሮበታል፣ እኔ ግን አላየውም። ቅጥያው እንዲታይ አደረግሁ፣ ትርፉን አጠፋሁ፣ ገጾቹ ተከፈቱ።

ከዚያ የልጁን ታሪክ አድራሻ በእጄ ጻፍኩ፤ «የሰፈሩ ኢንጂነር»። 404! ያኔ ነው ዋና አዘጋጃችን ትዝ ያሉኝ። «ሠፈር» በንጉሡ ሠ ካልተጻፈ ጽሑፍ አያሳልፉም ነበር። ለኛ ጆሮ ሰ እና ሠ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን እንደ በ እና ተ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሠ አድርጌ ስጽፈው ተከፈተ። ስንት የአማርኛ ፋይል በዚህ ምክንያት «የለም» ተብሎ ይሆን?

ጽሑፌ አለ። ከሥሩ ፎቶ አለ። ከፎቶው ሥር የልጁ ስም አለ። ፎቶው ግን የአንድ ባለሥልጣን ነው፤ መቀስ ይዘው ሪባን ይቆርጣሉ።

መዝገቡን አየሁ። 200 ይላል፤ ትርጉሙ «ሁሉም ሰላም ነው» ነው። ሰርቨሩ የተጠየቀውን ስም አገኘ፣ አቀረበ፣ ሥራው አለቀ። ጥፋቱ የኔ ነው። ሊኑክስ ላይ በትልቁ ፒ እና በትንሹ ፒ የሚጀምሩ ሁለት ስሞች ሁለት ፋይሎች ናቸው። ዊንዶውስ ግን በተለምዶው እንደ አንድ ስም ነው የሚያያቸው። ሁለቱ ፎቶ አንሺዎቻችን አንዱ በትልቁ፣ ሌላው በትንሹ ይሰይሙ ነበር። እኔ «ሁሉንም ተካ» ስል ባለሥልጣኑ ልጁን ተኩት።

ከዚያች ሌሊት ወዲህ የማስበው ይህንኑ ነው። እስከዚያ ድረስ 404ን ስረግመው ነበር። 404 ግን ታማኝ መልስ ነው፤ «የጠየቅኸኝን አላገኘሁም» ይላል፣ አንተም መፈለግህን ትቀጥላለህ። አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም። ሦስቱም 404ዎቼ ጽሑፉ እያለ የመጡ ነበሩ።

የድረ ገጽ ሕግ ለዚህ ጥንቁቅ ነው። 403 አለ፣ ማየት አልተፈቀደልህም ማለት ነው። 410 አለ፣ ነበረ፣ ሆን ተብሎ ተነሥቷል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ 451 ተጨመረ፤ በሕግ ምክንያት ተከልክሏል ለማለት ነው፣ ቁጥሩም የተወሰደው መጽሐፍ ስለሚቃጠልበት ዓለም ከተጻፈው የሬይ ብራድበሪ ልቦለድ ነው። ሆኖም ያው ሕግ አንድ ቀዳዳ ትቷል፤ ሰርቨሩ የከለከለውን ነገር መኖሩን መደበቅ ከፈለገ በ403 ፈንታ 404 ሊል ይችላል።

እኛ አገር መስኮት ላይ ቆሞ «ፋይልዎ የለም» የተባለ ሰው ይህን ያውቃል። ያ «የለም» አራቱንም ሊሆን ይችላል፤ አልፈለግነውም፣ አይፈቀድልህም፣ አንሥተነዋል፣ ወይም ስምህ በሌላው ሀ ተጽፏል። የትኛው እንደሆነ የሚናገር ቁጥር የለንም። ጋዜጠኛውም ከዚህ አያመልጥም። አንድ ጉዳይ ደርቦ ስንደውል «እንዲህ ያለ ነገር የለም» ይሉናል፣ እኛም «የለም» ብለን እንጽፋለን። መጻፍ የነበረብን «አልተገኘም» ነው።

የባሰው ግን 200 ነው። የሰው ስም ላይ የሌላ ፊት ለጥፎ «ሁሉም ሰላም» የሚል መዝገብ። ያንን ማንም አይፈልገውም፣ ምክንያቱም የጠፋ ነገር ያለ አይመስልም። እናትየው ባይደውሉ ኖሮ ያ ገጽ ለዘላለም ትክክል ነበር።

ዚፑ ራሱ አልተነካም ነበርና ዝርዝሩን ከፍቼ ያንን አንድ ፎቶ ለብቻው በሌላ ፎልደር አወጣሁት። ሽቦው አንገቱ ላይ ነው። እየሳቀ ነው። ከዚያ ሌሎቹን ስቆጥር ከአርባ በላይ ፎቶዎችን በዚያች አንድ ክሊክ ሰውሬ ነበር። እየመለስኳቸው ነው።

በተዘጉ ጋዜጦችና መጽሔቶች የሠራችሁ፣ እባካችሁ ያላችሁን ቅጂ ፈልጉ። ዋናውን ሳትነኩ ሌላ ቅጂ አውጡና በእሱ ላይ ሥሩ። ገጹ ተከፈተ ብላችሁም አትመኑ፤ ፎቶውን ከስሙ ጋር አስተያዩ።

ፎቶውን አሳትሜ በአውቶቡስ ላክሁላቸው። በማግሥቱ ደወሉ። ብዙ አልተናገሩም። «ይቺን የተሰበረች ጥርሱን ረስቻት ነበር» አሉ። ቀጥለው «ጽሑፉስ አለ? ያኔ ምን ብሎህ ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ።

አለ አልኳቸው። ላፕቶፑን ከፍቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በስልክ አነበብኩላቸው።