የመጀመሪያው ድል

ከቤታችሁ ኳስ ተጫዋች ካለ ይህን ስሜት ታውቁታላችሁ። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሲነፋ ከእሱ በላይ የእናንተ ልብ ይዘላል።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ቅዳሜ በማለዳ ከአዲስ አበባ ተነስቼ፣ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፌ አምቦ ገባሁ። ታናሽ ወንድሜ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ለኮሌጁ ቡድን በተከላካይነት ይጫወታል። ቡድኑ የዓመቱን የመጀመሪያ ጨዋታ ያደረገው ያን ቀን ነበር። 2 ለ 1 አሸነፉ። እኔም ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ።

አምናም የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸንፈው ነበር። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና ነገር ማድመቅ ይቀናኛል። ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩ፤ ለእናታችን ደውዬ «ዋንጫው የእኛ ነው» አልኳት፤ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ አወራሁ። ቀጣዮቹን ሁለት ጨዋታዎች ተሸነፉ። ወንድሜ ለሁለት ሳምንት ስልክ አላነሳም። በኋላ ሳገኘው፣ «እቱ፣ መሸነፍስ ያለ ነው። ለእናንተ ምን እላቸዋለሁ ብዬ ነው የጠፋሁት» አለኝ። እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

ከዚያ በፊትም ትምህርት ሊሆነኝ የሚገባ ነገር አይቻለሁ። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ሲረቱ እኔም አምቦ ተማሪ ነበርኩ። የብራዚሉ ዓለም ዋንጫ የማጣሪያ ምድባችን አለቀ ብለን ጨፈርን። ደስታችን ሳይበርድ፣ በቦትስዋናው ጨዋታ ቅጣት ያለበት ተጫዋች ተሰልፏል የሚል ወሬ መጣ፤ 3 ነጥብ ተቀነሰብን። ቡድኑ ግን ጳጉሜ ላይ መካከለኛው አፍሪካን አሸንፎ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። ከዚያ ናይጄሪያ አስቆመችን።

ታዲያ የዚያ ቀን ጭፈራችን ከንቱ ነበር? እኔ አይመስለኝም። ያን ቀን በእርግጥ አሸንፈናል። ስህተቱ በዛሬው ደስታ ላይ የነገን ዕዳ መጫን ነው። በቢሮዬም አውቀዋለሁ፤ የአዲስ ምርት የመጀመሪያ ሳምንት ሽያጭ ሲያምር የዓመቱን ዕቅድ ከፍ እናደርጋለን፤ ዕዳውን የሚከፍሉት የሽያጭ ሠራተኞቹ ናቸው።

ስለዚህ ዘንድሮ ምላሴን ያዝኩ። ወንድሜ አቧራውን እያራገፈ ሲመጣ ስለ ዋንጫ አላነሳሁም። «ከሁለተኛዋ ጎል በፊት ኳሷን ያስጣልካቸው አንተ ነህ አይደል?» ብቻ አልኩት። ፊቱ በራ። ጥብሱ እስኪቀዘቅዝ፣ የአምቦ ውኃው ጋዝ እስኪጠፋ ጨዋታውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረከልኝ። ማታ ቤት ስንገባ እናታችን «ዋንጫውስ?» ብላ ስትጠይቅ፣ «እሱ ሲደርስ ነው እማዬ፤ አሁን ራት ስጪን» አልኳት። ወንድሜ ቀና ብሎ አይቶኝ ፈገግ አለ።

ልጃችሁ በመጀመሪያው ፈተና ጥሩ ውጤት ይዞ ሲመጣ «ዘንድሮ አንደኛ ትወጣለህ» ለማለት አትቸኩሉ። የትኛው ጥያቄ እንደከበደው፣ እንዴት እንደሠራው ጠይቁት። የዛሬውን ለዛሬ ተውለት።

በማግስቱ መናኸሪያ ሲሸኘኝ፣ «ለሚቀጥለውስ ትመጫለሽ?» አለኝ።

«ብትሸነፉም እመጣለሁ» አልኩት። «አንተ ብቻ ስልክህን አንሳ።»