«ጥፋተኛ ነው!» ያልኩ ሌሊት

ቅዳሜ ማታ «አንድ ክፍል ብቻ አይቼ እተኛለሁ» ብዬ ጀመርኩ፡፡ አራተኛውን ስጨርስ የሰፈራችን ዶሮ ይጮህ ነበር፡፡ ጥፋቱ የኔ አይደለም፤ የካንግ ዮ ሃን ነው፡፡

ማን ነው እሱ ካላችሁ፣ «ዘ ዴቪል ጀጅ» በተባለው የኮሪያ ድራማ ውስጥ ጂ ሱንግ የሚጫወተው ዳኛ ነው፡፡ «ሰይጣኑ ዳኛ» እንደማለት ነው፡፡ ድራማው እ.ኤ.አ. በ2021 በቲቪኤን የታየ፣ 16 ክፍል ያለው ነው፡፡ ደራሲው ሙን ዩ ሶክ ራሱ ዳኛ ነበር፡፡ በፈጠራት ደቡብ ኮሪያ ችሎት በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፋል፤ ሕዝቡም በሞባይሉ «ጥፋተኛ ነው፣ አይደለም» እያለ ድምፅ ይሰጣል፡፡

የመጀመሪያው ተከሳሽ የፋብሪካው ፍሳሽ የመንደር ሰው የፈጀበት ከበርቴ ነው፡፡ ካንግ ዮ ሃን የእያንዳንዱን ሟች ቅጣት ለየብቻ ቆጥሮ ደመረና 235 ዓመት ፈረደበት፡፡ እኔ ምን አደረግኩ? በሌሊት አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አጨበጨብኩ!

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው፡፡ ለካ ዳኛው የራሱ ቂም አለው፡፡ ከመጋረጃ ጀርባ የሚሠራውን ቢያዩት አብረውት የሚያስቀጡት ብዙ ናቸው፡፡ ወጣቱ ዳኛ ኪም ጋ ኦን ሲጠረጥረውና ሲከታተለው እኔ «ምን አገባህ? አርፈህ ተቀመጥ!» እያልኩ እሳደባለሁ፡፡ ጋዜጠኝነት የተማርኩት ልጅ፣ የሚጠይቀውን ሰው ጠላሁት፡፡

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፡፡

ተማሪ ሆኜ ለልምምድ በወጣሁበት ጊዜ የሠራሁት ዜና ነበር፡፡ አንድ ወጣት በስርቆት ተጠርጥሮ ተያዘ፡፡ «ተጠርጣሪ» የሚለው ቃል ቀዘቀዘብኝ መሰለኝ፣ «ሌባው ተያዘ» ብዬ ጻፍኩ፡፡ ስሙንም ጨመርኩበት፡፡ ሰው ወደደው፤ እኔም ደስ አለኝ፡፡ ከሁለት ወር በኋላ ልጁ በነፃ ተለቀቀ፡፡ ይህን ግን ዜና ብዬ አልጻፍኩትም፡፡ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ማንንም አልጠየቅኩም፡፡

በእውነተኛዋ ደቡብ ኮሪያ ከ2008 ጀምሮ ተራ ዜጎች በአንዳንድ የወንጀል ችሎቶች ተቀምጠው አስተያየት ይሰጣሉ፡፡ ሐሳባቸው ግን ዳኛውን አያስገድደውም፤ ማስረጃውንም ቁጭ ብለው መስማት አለባቸው፡፡ እኔ ለዚያ ልጅ ይህን እንኳ አላደረግኩለትም፡፡ የድራማው ሕዝብ ቢያንስ ችሎቱን እያየ ነው ድምፅ የሚሰጠው፡፡

መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ እናንተም እንቅልፍ እጡ! ካንግ ዮ ሃንን አሁንም እወደዋለሁ፣ አልዋሽም፡፡ ግን ባጨበጨብኩ ቁጥር እጄን እያየሁ ነው የጨረስኩት፡፡

የልጁን ስም እስካሁን አልረሳሁትም፡፡ እዚህ ግን አልጽፈውም፡፡ አንዴ ጽፌዋለሁ፤ ይበቃዋል፡፡