ስኳር ያለባት ድመት

የእንስሳት ሐኪሙ «ድመትሽን ስኳር ይዟታል» ቢለኝ ሳቄ አመለጠኝ። በእኛ አገር ስኳር የሰው፣ ያውም የሀብታም በሽታ ነው ይባል ነበርና ድመት ይይዛል ብዬ አላሰብኩም።

እነሆ ዛሬ እዚህ ሜሪላንድ፣ በየ12 ሰዓቱ ድመቴን በፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አኖራለሁ። ጆሮዋን ለብ ባለ ጨርቅ አሙቄ ጠርዙን በመርፌ ወጋ አደርገዋለሁ። የጤፍ ፍሬ የምታህል ደም ብቅ ትላለች፤ መለኪያው ቁጥሩን ይነግረኛል፤ በደብተር እጽፋለሁ። ከዚያ ምግቧ፣ ከዚያ ኢንሱሊኗ። ሐኪም ቤት ስትደነግጥ ስኳሯ ስለሚያሻቅብ ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው ቤቷ ነው።

አንድ ሌሊት ስትንገዳገድ አየኋት። ብለካት 41! ድዷን ማር ቀባሁ፤ ለሐኪም ደወልኩ፤ ቁጥሩ እስኪመለስ በየሩብ ሰዓቱ ለካሁ። ሲነጋ ተነሥታ ሳህኗን ላሰች። እኔ ግን ተቀምጬ አለቀስኩ።

እናቴም ስኳር ነበረባት። ማቀዝቀዣ ስላልነበረን ኢንሱሊኗን ውኃ በጠገበ አሸዋ ውስጥ በቀበርነው ገንቦ እናኖር ነበር። የምትለካው ግን ሐኪም ቤት ስትሄድ ብቻ ነው። አንድ ጧት አላበን፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያም ዝም አለች። ደክሟት ነው ብለን ጋቢ ደረብንላት። ማሩ ከመደርደሪያው ላይ ነበር፤ የሚነግረን ቁጥር ነው ያጣነው።

ወዳጆቼ «ለድመት ይህ ሁሉ?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔስ የምለካው የድመቷን ብቻ መች ሆነና!