የአባቴን ሞተር ሰባራ ባቡር ወስጄ ስለ ማስቀባቴ

በአዲስ አበባ ከተማ ውስጥ ሰባራ ባቡር የሚባል ሰፈር አለ። ስሙን ብቻ የሰማ እንግዳ የምድር ባቡር ሐዲድ በዚያ ያልፍ የነበረ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ በእንፋሎት ኃይል በመንገድ ላይ የሚሄድ መኪና ከባሕር ማዶ አስመጥቶ ነበርና፥ ያ መኪና ተሰብሮ በዚያ ስፍራ ስለ ቀረ ሰፈሩ በእርሱ ተጠራ። አባቶቻችን በእሳት ኃይል የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ባቡር ይሉት ስለ ነበር፥ ወፍጮው እንኳ ባቡር ይባል ነበር። እኔም በ2012 ዓ.ም. የተሰበረ ሞተር ጭኜ ወደዚሁ ሰፈር ስገባ፥ የስፍራው ስም ሥራዬን አስቀድሞ የተናገረልኝ መሰለኝ።

ሞተሩ የአባቴ የቮልስዋገን ሞተር ነው። አባቴ መኪናውን የገዙት በ1957 ዓ.ም. ነበር። ይህ መኪና በአገራችን ምን ያህል የታወቀ እንደ ሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በዚሁ ዐይነት መኪና ነው። አባቴ ካረፉ በኋላ እናቴ መኪናው እንዳይሸጥ ስለ ከለከሉ፥ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ እየነዳሁት ስመጣ ጫጫንና ሸኖን አልፌ አለልቱ አጠገብ የዘይቱ መብራት በራ፤ ወዲያውም ጉልበቱ ከዳው። የቀረውን መንገድ የመጣነው በጭነት መኪና ተጎትተን ነው። ልጆች ከኋላ እየሮጡ ሲስቁብኝ ነበር፤ አልፈርድባቸውም።

የጋራዡ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው። ሞተሩን ከመኪናው የያዙትን አራት ብሎኖች አስፈትተው፥ ክብደቱ ከመቶ ኪሎ ግራም ጥቂት የሚበልጠውን ብረት በሁለት ወጣቶች ከሥር አስወጡትና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱት።

«ልጄ፥ ይህን ማን ቀባው?» አሉኝ።

ሞተሩ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ነበር። አባቴ አንድ ክረምት የግቢያችንን በር ሲቀቡ ከተረፈው ቀለም ሞተሩንም በብሩሽ ሁለት ጊዜ ደርበው ቀብተውት ነበር። እኔም እውነቱን ልናገርና፥ ወደ ጋራዡ የሄድሁት ያንኑ ሰማያዊ ይበልጥ አብረቅርቆ እንዲቀባልኝ ልለምን ነበር።

«ጋሼ፥ አባቴ ናቸው» አልሁ።

ሽማግሌው ወቀሳ አልተናገሩም። ጥፍራቸውን በሲሊንደሩ ዙሪያ ባሉት ስስ የብረት ክንፎች መካከል አስገብተው የደረቀ ቀለም እየፈነቀሉ አሳዩኝ። ይህ ሞተር ራዲያተር የለውም፤ ውሃም አያውቅም። የሚያቀዘቅዘው በቺንጋ የሚዞረው ማራገቢያ በክንፎቹ መካከል የሚነፋው አየር ነው። ስስ ጥቁር ቀለም ሙቀቱን አያግድም፤ ወፍራም የበር ቀለም ግን ለሚያልበው ሰው ጋቢ እንደ መደረብ ነው። አየሩ ደግሞ በእኛ ደጋ ስስ ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለ ተቀመጠች፥ ማራገቢያው ያው ቢዞርም የሚያደርሰው አየር ከቆላው ያነሰ ነው። «ሆኖም ጥፋቱን ሁሉ በአባትህ ላይ አንጫን፤ የፒስቶኑም ፋሻ አልቋል» አሉና አጽናኑኝ።

ማጽዳቱ ከመቀባቱ ይልቅ ብዙ ቀን ፈጀ። አንዱ ወጣት ኮስቲክ ሶዳ አፍልቶ ሁሉንም በአንድ በርሜል ሊነክር ቢነሣ ሽማግሌው ተቆጡ፤ የሞተሩ ራስ፥ እነርሱ ቴስታታ የሚሉት፥ አሉሚኒየም ስለ ሆነ ሶዳው ይበላዋል። ሌላው የኤሌክትሪክ መሞረጃ ሲያነሣ ደግሞ ከእጁ ነጠቁት። የታችኛው አካል፥ ባዛሜንቶው፥ አብዛኛው ማግኒዚየም ነውና ብናኙ በእሳት ብልጭታ ቢያዝ በነጭ ነበልባል ይነዳል፤ ውሃ ቢያፈሱበትም ይብስበታል። ስለዚህ በላምባና በብሩሽ፥ ለክንፎቹም በቀጭን እንጨት፥ በትዕግሥት ተፋቀ። የጋራዥ ቋንቋችን ከጣልያን ምን ያህል ቃል እንደ ወሰደ ያስተዋልሁት ያን ጊዜ አጠገባቸው ቆሜ ስሰማ ነው፤ ቺንጋ፥ ቴስታታ፥ ባዛሜንቶ፥ ማርሚታ፥ ጓርኒሲዮን።

ቀለሙን በሚመለከት ክርክር ገጠምን። እኔ ሁሉም ይቀባ አልሁ፤ እርሳቸው ባዛሜንቶው ከፋብሪካ ሲወጣ ያልተቀባ ስለ ነበር እንዲሁ ይሁን አሉ። ሁለት አካላት የሚገጠሙበት ፊትና የብሎን ጥርስም ቀለም ሊነካው አይገባም፤ በዚያ የገባ ቀለም ጓርኒሲዮኑን በደንብ እንዳይቀመጥ አድርጎ ዘይት ያንጠባጥባል። እነዚያን ሁሉ በወረቀትና በናስትሮ ሸፈኑ። ሲሊንደሮቹ ሙቀት የሚችል ጥቁር ቀለም አንድ ጊዜ ብቻ፥ እንደ ጭስ ስስ ሆኖ ተነፋባቸው። የማራገቢያው ቆርቆሮ ግን ዝገቱ በብርጭቆ ወረቀት ከተፋቀ በኋላ ሦስት ጊዜ ጥቁር ተቀባ፤ በየመካከሉም ፀሐይ ላይ ተሰቀለ። ለማርሚታው እስከ 600 ዲግሪ የሚችል ቀለም ተፈለገ፤ ተራው ቀለም በመጀመሪያው ጉዞ ተቃጥሎ ይረግፋልና።

በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ሰማያዊ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ እርሱም የአየር ማጣሪያው ነው። ወጣቱ መፋቅ ሲጀምር «ተው» አልሁት። ሽማግሌው ማጣሪያውን አንሥተው ዞር ዞር አድርገው አዩት። አባቴ ብሩሹን የጎተቱበት መስመር፥ አንድ ፀጉርም ተጣብቆ፥ ገና ይታይ ነበር።

«ይህ እሳት አያገኘውም። ውስጡን አጥበን አዲስ ዘይት እንጨምርለታለን፤ ውጭው እንዳለ ይቀመጥ» አሉ።

ሞተሩ በተነሣ ጊዜ አዲሱ ቀለም ሲሞቅ ጢስና ሽታ ሰጠ፤ እኔ ደነገጥሁ፥ እነርሱ ግን ሳቁ። በሳምንቱ ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ አለልቱን፥ ሸኖን፥ ጫጫን እያለፍሁ ዓይኔ ከዘይቱ መብራት አልተነሣም፤ አልበራም።

እናቴ ከበር ወጥተው የኋላውን ክዳን አስከፈቱኝ። ጥቁሩን ሁሉ ዝም ብለው አለፉት። ማጣሪያውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉና፥ «በሩን ሲቀባ ዝናብ መጥቶበት ነበር፤ ሞተሩን የቀባው ቀለሙ እንዳይባክን ብሎ ነው» አሉኝ።